የቤታችን አየር በየት በኩል ይነጻል? ስለ አየር ቱቦ ጽዳት፣ ስለ ጭስ መውጫና ስለሚወጣው ገንዘብ

በሰሜን አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ የዚያ አገር ቤት በምን እንደሚሞቅ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አብዛኛው መኖሪያ ቤት በኮርኒሱ ውስጥና በወለሉ ሥር የተዘረጉ የቆርቆሮ ቱቦዎች አሉት። አንድ መሣሪያ አየሩን አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ በእነዚህ ቱቦዎች አማካይነት ወደየክፍሉ ይገፋል፤ በሌሎች ቱቦዎች ደግሞ የክፍሉን አየር መልሶ ይስባል። ቱቦዎቹ በዓመታት ውስጥ በአቧራ መሸፈናቸው የማይቀር ነው። ታዲያ «ቱቦዎቻችሁን እናጽዳላችሁ፤ ቤተሰባችሁ ከአስምና ከአለርጂ ይገላገላል» የሚል ማስታወቂያ በየፖስታ ሳጥኑ ይገባል። ከማስታወቂያውም ጋር በጠቆረ አቧራ የተሞላ ቱቦ ፎቶግራፍ ይታያል። እኛም ለትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ይህን መሰሉ ወረቀት በተደጋጋሚ ደርሶናል፤ ፎቶግራፉ በእርግጥ ያስደነግጣል።

በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ የምንሞክረው ጥያቄ «ያ ገንዘብ ይገባዋልን?» የሚል ነው። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ለአርባ ምንጭ ምኑ ነው? በሲቀላም ሆነ በሴቻ ባሉ ቤቶች የአየር ቱቦ የት አለና!» ማለታቸው አይቀርም። እውነት ነው፤ ቱቦው የለም። ነገር ግን አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ የሌለው ቤት የለም። በእኛ ዘንድ መንገዱ በር፣ መስኮት፣ የጣራና የግድግዳ ክፍተት፣ ወይም የማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ነው። ጥያቄውም በመሠረቱ ያው አንድ ነው፤ አንድ ቤተሰብ የሚተነፍሰውን አየር ለማንጻት ጥቂት ገንዘብ ቢኖረው በምን ላይ ቢያውለው ይሻላል? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ አቧራ ራሱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከማራገቢያው ላይ የማይነሳው አቧራ

ጉዳዩን በቅርብ ከምናውቀው ዕቃ እንጀምር። በአርባ ምንጭ ሙቀት ምክንያት በየቢሮውና በየምግብ ቤቱ የጣራ ማራገቢያ ይሽከረከራል። አንድ ቀን ጠፍቶ ሳለ ክንፉን ቀና ብላችሁ ተመልከቱት፤ በተለይ አየሩን የሚቀዝፈው ጠርዙ በወፍራም አቧራ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። አሁን ስሌት እንሥራ። የማራገቢያው ክብ ስፋት 1.2 ሜትር ቢሆንና በደቂቃ 240 ጊዜ ቢዞር፣ የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 15 ሜትር ይጓዛል። ይህም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ በአስፋልት ላይ ከሚከንፍ ባጃጅ ፍጥነት የማያንስ። አቧራው ግን ቀኑን ሙሉ በዚህ ፍጥነት እየተሽከረከረ ከክንፉ ላይ አይነሳም። ስለ ምን?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አየር በማናቸውም ጠጣር ገጽ ላይ ሲፈስ ገጹን የሚነካው እጅግ ስስ ንብርብር ከገጹ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከገጹ ራቅ ሲባል የአየሩ ፍጥነት ቀስ በቀስ ይጨምራል እንጂ ገጹ ላይ የነፋስ ፍጥነት ዜሮ ነው። ደቃቅ ብናኝ የተቀመጠው በዚህ በተረጋጋው ንብርብር ውስጥ ስለሆነ ነፋሱ በላዩ ያልፋል። ሁለተኛው ምክንያት የመጣበቅ ኃይል ነው። ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡበት የቫን ደር ቫልስ ኃይል የሚባለው ከብናኙ ስፋት ጋር እኩል ይቀንሳል፤ የብናኙ ክብደት ግን ከስፋቱ ኩብ ጋር ይቀንሳል። ስለዚህ ብናኙ እየደቀቀ በሄደ ቁጥር የሚይዘው ኃይል ከክብደቱ አንጻር እየበረታ ይሄዳል። አንድ ማይክሮ ሜትር ስፋት ያለውን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ የሚሆነውን ብናኝ ለስላሳ ገጽ ላይ የሚያጣብቀው ኃይል ከብናኙ ክብደት በሚሊዮን እጅ ይበልጣል። በቤት ቱቦ ውስጥ የሚፈሰው አየር ደግሞ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። ከማራገቢያው ክንፍ ላይ በ15 ሜትር ፍጥነት ያልተነሳ አቧራ ከቱቦው ግድግዳ ላይ በ3 ወይም በ4 ሜትር ፍጥነት ይነሳል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ሌላም ነገር አለ፤ ዋናውም ይህ ነው። ቱቦው ውስጥ የተጋደመው አቧራና ሳንባችን ውስጥ የሚገባው አቧራ አንድ አይደሉም። አየር ውስጥ የሚወድቅ ብናኝ ፍጥነት በስቶክስ ሕግ መሠረት ከስፋቱ ካሬ ጋር ያድጋል። እንደ ውኃ እፍግታ ያለው 50 ማይክሮ ሜትር የሆነ ብናኝ በሰከንድ 7 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከ2 ሜትር ከፍታ ወለል ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። 2.5 ማይክሮ ሜትር የሆነው ግን ለዚያው መንገድ 3 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ግማሽ ማይክሮ ሜትር የሆነው፣ የእንጨት ጭስ ብናኝ አብዛኛው ከዚህም ያነሰ ነው፣ አየሩ ፍጹም ቢረጋጋለት እንኳ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል። በተግባር ደግሞ አየር ፈጽሞ ስለማይረጋጋ አይወርድም ማለት ይቻላል። እንግዲህ በዓይናችን የምናየው፣ በጣታችን የምንጠርገው፣ ፎቶግራፍ የሚነሳው አቧራ የወደቀው ነው። አብዛኛው ትልቅ ትልቅ በመሆኑ ብንተነፍሰው እንኳ በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀው ያልወደቀው ነው፤ እርሱም ፎቶግራፍ ላይ አይታይም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የታወቀ ጽሑፍ የቱቦ ጽዳት የጤና ችግርን እንደሚከላከል በጥናት እንዳልተረጋገጠ፣ በቆሸሹ ቱቦዎች ምክንያት የቤት ውስጥ ብናኝ እንደሚጨምርም የሚያሳይ ጥርት ያለ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በዚያው ጽሑፍ የአገልግሎቱ ዋጋ ለአንድ ቤት መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ450 እስከ 1,000 ዶላር እንደሚደርስ ተጠቅሷል። እንዲያውም ጽዳቱ በጥንቃቄ ካልተሠራ የተጣበቀውን አቧራ አስነስቶ አየሩን ከቀድሞው ሊያብስ ይችላል። የድርጅቱ ምክር ቱቦን ማጽዳት የሚገባው በውስጡ ሻጋታ በግልጽ ሲታይ፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲገቡበት፣ ወይም በፍርስራሽ ተደፍኖ ብናኙ ወደ ክፍል ሲወጣ ነው የሚል ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ገንዘብ በኪስ ማቆየት ይሻላል። ዘመዶቻችሁ በስልክ ቢጠይቋችሁ ይህንኑ ልትነግሯቸው ትችላላችሁ።

በአርባ ምንጭ ሆቴሎችና ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉት አየር ማቀዝቀዣዎች በአጭሩ እንበል። እነዚህ ቱቦ የላቸውም፤ የውጭ አየርም አያስገቡም። የክፍሉን አየር ራሱን እየሳቡ አቀዝቅዘው ይመልሱታል። የፊት ክዳናቸውን ከፍቶ ወንፊቱን አውጥቶ በውኃ ማጠብ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቅሙም እርግጠኛ ነው፤ አየሩ በደንብ ይፈስሳል፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ይቀንሳል። ይህን መሣሪያ ከፍቶ መስኮት የዘጋ ሰው ግን አየሩን አቀዘቀዘ እንጂ አላደሰም።

የእኛ ቤት ቱቦ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በጋሞ ምድር የዓመቱ ታላቅ በዓል መስቀል ነው። ለመስቀል ቤት ይጠረጋል፣ ግድግዳ ይለቀለቃል፣ በማድ ቤቱ ጣራ ላይ የተንጠለጠለው የሸረሪት ድርና ጥላሸት ይራገፋል። ከላይ በተመለከትነው መሠረት ይህ ሥራ ከአሜሪካው የቱቦ ጽዳት ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ቤቱን ያሳምራል፣ ምግብ ላይ ጥላሸት እንዳይረግፍ ያደርጋል፣ የምንተነፍሰውን አየር ግን ያን ያህል አይለውጠውም። ጣራው ላይ የተለጠፈው ጥላሸት ሥራውን ጨርሷል። የሚያስጨንቀው ነገ ጠዋት ከሦስቱ ጉልቻ የሚነሳው ነው።

ያ ጭስ የሚወጣው በምን ኃይል ነው? ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ይቀልላል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው የሞቀ አየር ዓምድ ውጭ ካለው እኩል ቁመት ያለው ቀዝቃዛ ዓምድ ያነሰ ይመዝናል። የክብደቱ ልዩነት በታች በኩል አየር ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ በላይ በኩል እንዲወጣ ያደርጋል። መጠኑን እናስላ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለስሌት የሚመች ከተማ ነው። በሩ ሥርና ጣራው አጠገብ ባለው ቀዳዳ መካከል 3 ሜትር ቁመት ይኑር፤ የውስጡ አየር ከውጭው በ10 ዲግሪ ይሙቅ። የግፊቱ ልዩነት አየሩ በሜትር ኩብ የሚመዝነው 1 ኪሎ ግራም፣ በስበት 9.8፣ በቁመት 3፣ በሙቀት ልዩነቱ ተባዝቶ ለፍጹም ሙቀቱ ማለትም ለ300 ሲካፈል 1 ፓስካል ያህል ይሆናል። የከተማዋ የአየር ግፊት 87,000 ፓስካል ያህል መሆኑን ስናስብ ይህ ኢምንት ነው። ሆኖም ይህች አንዲት ፓስካል አየሩን፣ እንቅፋት ባይኖር፣ በሰከንድ 1.4 ሜትር ታስኬደዋለች። ቀዳዳው 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በጠርዙ የሚጠፋውን ብንቀንስ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይወጣል። 4 በ3 ሜትር የሆነች 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያላት ማድ ቤት ይዘቷ 30 ሜትር ኩብ ስለሆነ አየሯ በየሰዓቱ አምስት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ያለ አንዳች ሞተር!

ፍጥነቱ ከቁመቱና ከሙቀት ልዩነቱ ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚያድግ ልብ ይሏል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የጋሞ ልዩ ሁኔታ የሚገልጥልን ይኸው ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ጨንቻ የሚደርስ ሰው በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል። በጨንቻ ብርድ ምክንያት በእሳት የሞቀው ቤትና የውጭው አየር ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ይበረታል። በአርባ ምንጭ ግን ውጭውም ሞቃት ስለሆነ ልዩነቱ ያንሳል። እዚህ የሚረዳን ነፋስ ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በኩል የሚነፍስ በሰከንድ 3 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ግድግዳ ላይ ሲቆም 4 ፓስካል ተኩል ያህል ግፊት ይፈጥራል፤ ከላይ ካሰላናት አንድ ፓስካል ከአራት እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ በሲቀላ ማድ ቤት የሚሠራ ሰው ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ሁለት መስኮት ቢያወጣ፣ በጨንቻ የሚሠራ ደግሞ ከፍ ያለ ቀዳዳ ቢያበጅ ፊዚክሱ ይፈርድለታል። በቆላው የወባ ነገር ስላለ መስኮቱ ወንፊት ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ሽቦው ደግሞ ፍሰቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሽቦ የሚገጠምለት መስኮት ሰፋ ማለት አለበት።

የዶርዜ ቤት ይህን ሁሉ ያለ ስሌት ያወቀ ይመስላል። ከቀርከሃ የሚጠለፈው፣ የዝሆን ፊት የሚመስለው ይህ ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቁመት አለው ይባላል። ከመግቢያው በላይ ከፍ ብለው እንደ ዓይን የሚታዩት ቀዳዳዎች አየርና ጭስ መውጫ ናቸው፤ ጭሱም በክዳኑ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ መንገድ ላይም ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ምስጥ የቤቱን ሥር በበላ ቁጥር ሥሩ ስለሚቆረጥ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ከ12 ሜትር ወደ 6 ቢወርድ ወደ ላይ የሚስበው ፍጥነት በስኩዌር ሩት ሕግ በ1.4 ይካፈላል እንጂ በግማሽ አይወርድም፤ ያረጀ ቤትም ደህና ይተነፍሳል። ይህን ስንል ቤቱ ከጭስ ነፃ ነው ማለታችን አይደለም። እሳቱ መካከል ላይ ነው፤ ጭሱ ከመውጣቱ በፊት በቤቱ አየር ይቀላቀላል፤ ከእሳቱ አጠገብ ቆጮ የምትጋግረው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን በመጀመሪያ የሚተነፍሱት እነርሱ ናቸው።

ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል?

ሒሳቡን ወደ መጨረሻው እናድርሰው። በክፍል ውስጥ የሚኖረው የጭስ ክምችት በሰዓት የሚወጣው የብናኝ መጠን በሰዓት ለሚወጣው አየር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከሦስት ጉልቻ እሳት በሰዓት 1 ግራም ደቃቅ ብናኝ ይወጣል እንበል፤ የተጋነነ ግምት አይደለም። በ150 ሜትር ኩብ ስናካፍለው በሜትር ኩብ 6,700 ማይክሮ ግራም ያህል እናገኛለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት አማካይ ወሰን 15 ማይክሮ ግራም ነው። እሳቱ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚነድ መሆኑን ብንቆጥር እንኳ ርቀቱ የሰማይና የምድር ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ አሁንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው።

አሁን አማራጮቹን እናወዳድር። የተሻሻለ ምድጃ ስንገዛ የምንቀንሰው አካፋዩን ሳይሆን ተካፋዩን፣ ማለትም የሚወጣውን ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአገራችን መሠራጨት የጀመረው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ለማገዶ ለቃሚዋ ሴት ጀርባና ለደን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የገዙበትንም ዋጋ በማገዶ ቁጠባ ይመልሳል። ለሳንባስ? ጭሱም በዚያው ልክ በግማሽ ቢቀንስ 6,700 ወደ 3,350 ይወርዳል። ከዚህ ላይ ቀዳዳውን እጥፍ ብናሰፋ 1,700 ያህል ይሆናል። ብዙ ቀነሰ፤ ነገር ግን አሁንም ከወሰኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ማራገቢያ የተገጠመላቸው፣ ጭስ የሚቀንሱ ግን ጭስ መውጫ ቱቦ የሌላቸው ምድጃዎችን ለገጠር ቤተሰቦች ሰጥቶ የሕፃናትን የሳንባ ምች ተከታተለ። ምድጃውን ባገኙትና ባላገኙት መካከል ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ ከምድጃው ውጭ ያሉ ሌሎች የጭስ ምንጮች፣ ለምሳሌ ቆሻሻ ማቃጠል፣ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ጠቁመዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በጓቴማላ ደጋማ መንደሮች በ534 ቤተሰቦች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ደግሞ ጭስ መውጫ ቱቦ ያለው ምድጃ ነበር የሰጠው። የሕፃናቱ ለጭስ መጋለጥ በአማካይ በግማሽ ቀነሰ፤ በጠቅላላው የሳንባ ምች ላይ የታየው ቅናሽ በስታቲስቲክስ አስተማማኝ አልነበረም፤ የከፋው የሳንባ ምች ግን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ሁለቱ ጥናቶች በቦታም በአሠራርም ስለሚለያዩ አንዱን በሌላው ላይ ማስፈረድ አይገባም። ሆኖም እንደ ፊዚክስ መምህር ካየነው፣ ጭስ በክፍሉ አየር ከመቀላቀሉ በፊት ከምድጃው ላይ ተይዞ ቢወጣ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያኔ ክፍልፋዩ ራሱ ይቀራል።

ቱቦው ለምን ጥሩ አድርጎ ይስባል? በውስጡ ያለው ጋዝ ከክፍሉ አየር እጅግ ስለሚሞቅ ነው። ባለ 3 ሜትር ቱቦ ውስጥ ያለው ጭስ ከውጭው በ150 ዲግሪ ቢሞቅ የሚፈጠረው ግፊት ከላይ ካሰላናት አንድ ፓስካል አሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ቱቦው ጠባብ ቢሆንም ይሠራል። ከጣራው ክፈፍ በላይ ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ጣራው ላይ የሚያልፈው ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይነዳዋል።

መጥረግን የሚመለከተው ጥያቄ መልሱ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የጭስ መውጫ ቱቦ ከአየር ቱቦ በተለየ መጠረግ አለበት። ምክንያቱም ጥላሸቱ ሊበንንብን ነው የሚል ሳይሆን መንገዱን ስለሚያጠብብን ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ጥላሸት ቢይዝ የቀረው ስፋት 8 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍቱ ደግሞ ከቀድሞው 64 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ የግድግዳው ሰበቃ ሲታከልበት የሚያልፈው ጭስ ከ60 በመቶም ያንሳል። የቀረው ወደ ቤት ይመለሳል። ብዙ ቤተሰብ «ምድጃው ድሮ ጥሩ ነበር፤ አሁን ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት መሆኑን አይተናል። ለመጥረግ የሚያስፈልገው ረጅም እንጨትና ጫፉ ላይ የታሰረ ጨርቅ ወይም ቅጠል ነው። ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አፍና አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ሕፃናትን አርቆ መጥረግ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ትልቅ ጥፋት ይሆናል። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ብዙዎች ንጹሕ ነው ይላሉ፤ በጨንቻ ብርድም ሆነ በአዲስ አበባ ክረምት ከቡና በኋላ ፍሙን እንደያዘ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ሰው አለ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚያያዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ከባድ ስለሆነ ወለል ላይ ይተኛል፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው አይነካውም» የሚሉም አጋጥመውናል። ስህተት ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውላዊ ክብደት 28፣ የአየር አማካይ 29 ገደማ ነው፤ ስለዚህ አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍም፣ ከአየሩ ጋር እኩል ይቀላቀላል። ከዚህ የሚያድነው የአልጋ ቁመት አይደለም። ፍሙን ውጭ ማሳደር ብቻ ነው።

ገንዘብ ያለው፣ መብራትም የማይቆራረጥበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢገዛ ምንጩን ራሱን አስወገደ ማለት ነው፤ ከዚያ የተሻለ የአየር ማጽጃ የለም። ለሌላው ቤተሰብ እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ማድ ቤቱን ከመኝታ መለየት፣ ቀጥሎ ቀዳዳና መስኮት ማውጣት፣ ከዚያ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ማስገባት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከጉልበት በቀር ብዙ አይጠይቁም። በደጋው ይህ ነገር አስቸኳይ ሆኗል፤ ክዳኑ ከቀርከሃና ከእንሰት ወደ ቆርቆሮ ሲለወጥ ጭሱ የሚሰርግበት ጣራ ቀርቷልና። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ቆርቆሮው ግጥም ብሎ የተመታ ቤት ውበት አለው፤ ከጣራው ማእዘን ሥር ግን የዶርዜው ቤት ዓይኖች የሉትም። ቤት የምታሠሩ ቤተሰቦች ያሏችሁ ተማሪዎች አናጢው ሥራውን ከመጨረሱ በፊት ከክፈፉ ሥር ሁለት ቀዳዳ እንዲተው፣ ዝናብ እንዳይገባም ትንሽ የቆርቆሮ ቆብ እንዲያደርግበት ንገሩት።

ቀዳዳው ይሠራ እንደሆነ የምታረጋግጡበት ሙከራ ቀላል ነው። እሳት ነድዶ ማድ ቤቱ በሞቀበት ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ጢሱ ቀጭን የሆነ እጣን ያዙ። በበሩ ታች በኩል ስታስጠጉት ጢሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ስታነሱት ወደ ውስጥ የሚሳብበት ኃይል እየደከመ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳይል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ቀጥ ያለበት ከፍታ የውስጡና የውጭው ግፊት እኩል የሆነበት ነው። ከፍታው በተቀመጠ ሰው ራስ አጠገብ ከሆነ የሞቀው ጭሳማ አየር በበሩ በኩል፣ በፊታችሁ ላይ እያለፈ ነው የሚወጣው፤ ከላይ ያለው ቀዳዳ ጠቧል ማለት ነው። ቀዳዳውን አስፍታችሁ ሙከራውን ድገሙት፤ ጢሱ ቀጥ የሚልበት ቦታ ወደ በሩ ጉበን ከፍ ሲል ታዩታላችሁ።